ሌዘር ነው ወይስ ተራው መርፌ? ከደሴ ተነስታችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሐይቅ ልጅ ደወለችልኝ። ስልኬን ከአክስቷ ነው ያገኘችው። ልጅ እምቢ ብሏት፣ እንቁላሏ ወጥቶ ላብራቶሪ ውስጥ የባሏ ዘር በመርፌ እንዲገባበት አንዴ ሞክራ ነበር፤ አሁን መርፌው በሌዘር ይታገዝ ተብላለች። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ «እታለም፣ ሌዘሩን እናስጨምር ወይስ ይቅርብን?» አለችኝ። «ባለፈው ሙከራ ስንት እንቁላል ተወጋ? ስንቱስ ሞተ?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «እሱን ማንም አልነገረኝም» አለች።

እኔም አንድ ሰሞን ልክ እንደሷ ነበርኩ። ሐኪም አይደለሁም፣ ይሄ ከአሁኑ ይታወቅልኝ። ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሼ፣ አንዴ በተራው መርፌ አንዴ በሌዘር የተሞከረልኝ የደሴ ሴት ነኝ። በመሃል ያገኘሁትን ባለሙያ ሁሉ በጥያቄ ሳሰለች ከርሜያለሁ። ያወቅኩትን በተራ በተራ ላስቀምጥላችሁ፣ እናንተ እንደኔ ሁለቴ ከፍላችሁ እንዳትማሩ።

መጀመሪያ፦ መርፌው ራሱ ያስፈልጋችኋል ወይ?

እኛ ሰፈር ልጅ ዘገየ ሲባል ቀድማ የምትመረመረው ሴቷ ናት። እናቴ ግሸን ማርያም ተሳለችልኝ። አማቴ ደግሞ ወዳጃ ሰብስባ ዱአ አስደረገችልኝ። ሁለቱንም በደስታ ተቀበልኩ፣ ወሎ ነዋ። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ባለቤቴን «አንተስ ተመርምረሃል?» ያለው አንድ ሰው አልነበረም። ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ በሚጠጉት ላይ ግን የወንዱ ችግር አለበት፣ ወይ ብቻውን ወይ ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ።

ስለዚህ ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ በ6 ወር፣ ሁለታችሁም ተመርመሩ። የወንዱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከሁሉም ይቀላል፣ ርካሽም ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ነው የሚሰጠው። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት ስላለበት እዚያው ላብራቶሪ መስጠት ይሻላል፤ ከኮምቦልቻ በታክሲ ይዞ ደሴ መውጣት አያዋጣም።

ውጤቱን እንዴት እንደምታነቡት ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ባወጣው መመሪያ የታችኛው ድንበር በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ነው። ከመቶው 42 መንቀሳቀስ አለበት። ቅርጹ የተስተካከለው ደግሞ ከመቶው 4 ከሆነ በቂ ነው። አዎ፣ 4። ባለቤቴ «ዘጠና ስድስቱ ብልሹ ነው ማለት ነው?» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። በጤነኛ ወንድም ብልሹው ይበዛል፣ አብሽሩ። ከድንበሩ በታች መሆንም መካን መሆን ማለት አይደለም።

አንድ ውጤት ብቻ ይዛችሁ አትወስኑ። የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። በቅርቡ ወባ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ይዞት ከነበረ ቁጥሩ ሊወርድ ስለሚችል ከሦስት ወር በኋላ ማስደገም ነው። ቁጥሩ በሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊዮን በታች ከሆነ ደግሞ የክሮሞዞም ምርመራና የዋይ ክሮሞዞም (ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው) ጉድለት ምርመራ ስለማድረግ ጠይቁ። ምክንያቱም ያ ጉድለት ካለ በመርፌ የሚወለደው ወንድ ልጅም ይወርሰዋል። ይህን ከመርፌው በፊት ማወቅ መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ኢክሲ የሚባለው አንድ የወንድ ዘር ወስዶ በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ማስገባት ነው። አይቪኤፍ፣ ማለትም ከማህፀን ውጪ ላብራቶሪ ውስጥ ማዳቀል፣ በ1978 እንግሊዝ አገር የመጀመሪያዋን ሕፃን ሲያስገኝ ዘሩና እንቁላሉ አንድ ሳህን ላይ ተቀምጠው በራሳቸው ነበር የሚገናኙት። ዘሩ ደካማ ለሆነበት ወንድ ያ አልሠራም። በ1992 ብራስልስ ያሉ ሐኪሞች በመርፌ አስገብተው የመጀመሪያዎቹን እርግዝናዎች ይፋ አደረጉ፣ ከዚያ ወዲህ ዓለም ተቀየረ። ስለዚህ መርፌው የሚያስፈልገው የዘሩ ቁጥር ወይም እንቅስቃሴ በጣም ሲያንስ፣ ፈሳሹ ውስጥ ዘር ጠፍቶ ከዘር ፍሬው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ ወይም ከዚህ በፊት በሳህኑ መንገድ ሳይዳቀል ሲቀር ነው። የወንዱ ዘር ጤነኛ ከሆነ መርፌው ከሳህኑ የተሻለ ልጅ የማግኘት ዕድል አይሰጥም። ብዙ ቦታ ግን ለሁሉም ይሠራል። «ለምን ኢክሲ አስፈለገኝ?» ማለት ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፦ ተራው መርፌና ሌዘሩ ምን ላይ እንደሚለያዩ ይግባችሁ

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

የሴት እንቁላል ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢበልጥ ትንሽ ነው፣ 120 ማይክሮን ገደማ (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው)። ዙሪያውን ዞና የሚባል ከ15 እስከ 20 ማይክሮን የሚወፍር ግድግዳ አለው። ከግድግዳው ውስጥ ደግሞ እንቁላሉን ራሱን የያዘ ስስ ሽፋን አለ። ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ፦ ውጪ ግድግዳ፣ ውስጥ ሽፋን።

በተራው መንገድ ባለሙያው አንድ የወንድ ዘር መርጦ ጭራውን በመርፌው ጫፍ ይመታና ያቆመዋል። ከዚያ እንቁላሉን በአንድ ቱቦ ስቦ ይይዘውና በሌላኛው ወገን መርፌውን ይገፋል። መርፌው ስለታም ነው፣ ቀዳዳው 5 ማይክሮን ገደማ ብቻ። ቢሆንም ግድግዳው ጎማ ነገር ስለሆነ ወዲያው አይበሳም። የተነፋ ፊኛ በጣታችሁ ስትጫኑ እንደሚሰረጉደው እንቁላሉም ይሰረጉዳል። ከዚያ ግድግዳው ያልፋል፣ ሽፋኑም ተለጥጦ መርፌውን ይከተላል። ባለሙያው በቀስታ ስቦ ሽፋኑን ይበጥሰዋል፣ ዘሩን ያስቀምጣል፣ መርፌውን ያወጣል። ጤነኛ እንቁላል ይህን ሁሉ ችሎ ተመልሶ ይከባል። ብዙው እንቁላል እንዲህ ነው።

አንዳንዱ ግን አይችልም። ሽፋኑ ደካማ ከሆነ ገና ግድግዳው ሲጫን ቀድሞ ይፈነዳል፣ የውስጡ ይፈስና እንቁላሉ ይሞታል። ግድግዳው ከሌላው ሴት የጠነከረ ከሆነም ግፊቱ ይበዛል፣ ውጤቱ ያው ነው።

በሌዘሩ መንገድ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። መርፌው ከመግባቱ በፊት በዓይን የማይታይ ጨረር፣ የሞገድ ርዝመቱ 1.48 ማይክሮን የሆነ፣ በማይክሮስኮፑ ሌንስ በኩል ይተኮሳል። እንቁላሉን የሚነካ ዕቃ የለም። ጨረሩ የሚቆየው የሰከንድ ሺኛ በሆኑ ቅጽበቶች ነው። በሙቀቱ ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ወይም ሙሉ ለሙሉ ሳይበሳው ያሳሳዋል። ከዚያ መርፌው በዚያ መስኮት ሳይገፋ ሰተት ብሎ ይገባል። እንቁላሉ ብዙም አይሰረጉድም።

ልብ በሉ፣ ሌዘሩ ዘሩን አያስገባም። ዘሩን አይመርጥም። እንቁላሉን አያዳቅልም። የውስጡን ሽፋን እንኳ የሚበሳው ያው የድሮው መርፌ ነው። «የሌዘር ሕክምና» ተብሎ ሲነገር አብረቅራቂ ነገር ይመስላል፣ ሥራው ግን ግድግዳ ላይ መስኮት መክፈት ነው። አለቀ።

መስኮት ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ጨረሩ ለሽፋኑ ከተጠጋ ሙቀቱ ይጎዳል። ቀዳዳው ከሰፋ ወይም ያለ ቦታው ከተከፈተ በኋላ ሽሉ (ዳቅሎ ማደግ የጀመረው እንቁላል) ከግድግዳው ሲፈለፈል እዚያው ሊሰነቅር ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንድ ላብራቶሪ መብሳቱን ትቶ ማሳሳቱን የሚመርጠው። ሥራው በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ ጊዜም ይጨምራል፣ እንቁላል ደግሞ ከማሞቂያው ውጪ ባይቆይ ይወዳል።

ውጤቱስ? ዘዴው ከ2001 ጀምሮ ተጠንቷል። የማያወላዳው ነገር ይህ ነው፦ ከዚህ በፊት በተራው መርፌ እንቁላላቸው ብዙ የሞተባቸው ሴቶች በሌዘር ሲሠራላቸው የሚተርፈው እንቁላል ይጨምራል። እንዲህ ያለ ታሪክ ለሌላት ሴት ግን የእርግዝና ዕድሏን እንደሚጨምር አልተረጋገጠም። ተጨማሪ ከፍላ ያው ጋ ነው የምትደርሰው።

ሦስተኛ፦ የትኛው ሌዘር እንደሆነ ጠይቁ

ይህችን አጭር አደርጋታለሁ ግን አትዝለሏት። በዚህ ሕክምና ውስጥ ሌዘር የሚባል ነገር ብዙ ቦታ ይገባል። ያ አሁን ያወራነው በመርፌው ቀን፣ በእንቁላል ላይ ነው። ሌላው ሽሉ በ3ኛው ወይም በ5ኛው ቀን እንዲፈለፈል ግድግዳውን መክፈት ነው፣ እሱ ሌላ ሥራ ነው፣ ለሁሉም ሰው እንዲደረግም አይመከርም። ሌላው ከሽሉ ለዘረመል ምርመራ ሕዋስ ሲወሰድ ነው። የማይንቀሳቀስ የወንድ ዘር በሕይወት ይኑር አይኑር ለመለየትም ጭራውን በሌዘር መንካት አለ፣ ሕይወት ካለው ይጠቀለላል። ስለዚህ «ሌዘር እንጨምርላችሁ» ከተባላችሁ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «በስንተኛው ቀን፣ ምኑ ላይ?» እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ ሌዘር ተደርጎልኛል ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ለካ የተደረገው የመፈልፈሉ ነበር። መርፌው ተራው ነው። በኋላ ሳውቅ እንዴት እንዳፈርኩ!

አራተኛ፦ ወረቀቱን ተቀበሉ

ከሁሉም ይህ ይበልጣል። ከላብራቶሪው የሚወጣ የቁጥር ወረቀት አለ። ስንት እንቁላል ወጣ፣ ስንቱ በስሎ ተገኘ፣ ስንቱ ተወጋ፣ ስንቱ ተረፈ፣ ስንቱ በትክክል ዳቀለ፣ ስንቱ 3ኛው ቀን ደረሰ፣ ስንቱ 5ኛው ቀን። ካልሰጧችሁ ጠይቁ፣ የናንተው እንቁላል ነው። እኔ ሳልጠይቅ ወጣሁ። «አልያዘም፣ አይዟችሁ፣ እንደገና ሞክሩ» ተባልን፣ ደሴ ተመለስን። ወረቀቱን ያገኘሁት ከአምስት ወር በኋላ፣ ሌላ ሐኪም «ይህን ሳላይ መድኃኒት አልጽፍም» ብላኝ ነው።

የኔው ወረቀት እንዲህ ይል ነበር። 11 እንቁላል ወጣ። 9ኙ የበሰለ ነው፣ 9ኙም ተወጋ። 4ቱ ሞተ። ከተረፉት 5 ውስጥ 3ቱ ዳቀለ። 5ኛው ቀን የደረሰ አንድ፣ እሱ ማህፀን ገባ፣ አልያዘም። ያቺ «4ቱ ሞተ» የምትል መስመር ላይ ነበር የኔ ጉዳይ ያለው። አምስት ወር ሙሉ «ማህፀኔ ነው፣ ጭንቀቴ ነው፣ ያን ቀን ደረጃ ወጥቼ ነው» እያልኩ ራሴን ስከስ ነበር።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የሞተውን ለተወጋው አካፍሉ። 4 ለ9 ማለት ከመቶው 44 ነው። የሽል ባለሙያዎች በ2017 በቪየና ስምምነታቸው ባወጡት መለኪያ በመርፌ የሚሞተው ከመቶው ከ10 መብለጥ የለበትም፤ ጎበዝ ላብራቶሪ ደግሞ ወደ 5 ያወርደዋል። በትክክል የሚዳቅለው ከተወጋው ውስጥ ቢያንስ ከመቶው 65 መሆን አለበት፣ ጥሩው 80 ነው። ይህ የላብራቶሪው አጠቃላይ ሥራ የሚለካበት እንጂ የአንዲት ሴት አይደለም። 3 እንቁላል ተወግቶ 1 ቢሞት ከመቶው 33 ነው፣ ግን ከ3 እንቁላል ምንም አይታወቅም። 9 ተወግቶ 4 ሲሞት ግን መጠየቅ ነው።

አምስተኛ፦ ከወረቀቱ ተነስታችሁ ወስኑ

ብዙ ከሞተ፦ ሌዘር የሚነሳበት ቦታ ይህ ነው። ግን መጀመሪያ «ሽፋኑ ሲወጋ እንዴት ነበር? ወዲያው ነው የፈነዳው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጎበዝ ባለሙያ ይህን ይመዘግባል። እንቁላል ከባለሙያው እጅም፣ ካልበሰለ ሁኔታውም፣ እንቁላል ለማሳደግ ቀድሞ ከሚሰጠው ሆርሞን አሰጣጥም ሊሞት ይችላል። በዚያ ቦታ ከሁሉም ሴት ብዙ እንቁላል የሚሞት ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ሌዘር አይደለም፣ ሌላ ቦታ ነው።

ከተረፈ ግን ካልዳቀለ፦ ሌዘር አይጠቅማችሁም። እንቁላሉ መርፌውን ችሏል። የቀረው ዘሩ እንቁላሉን መቀስቀስ አለመቻሉ ሊሆን ይችላል፣ ለሱ ሌላ ሕክምና አለ፣ በካልሲየም መቀስቀስ የሚባል። ስለሱ ጠይቁ።

ከዳቀለ በኋላ ሽሉ ከቆመ፦ ይህም የግድግዳ ጉዳይ አይደለም። የእንቁላል ጥራት፣ ዕድሜ፣ የዘሩ ጥራት፣ የክሮሞዞም ነገር ነው። እዚህ ላይ «ሌዘር እንጨምር» ያላችሁ ሰው ካለ ምክንያቱን ያስረዳችሁ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ማህፀን ገብቶ ካልያዘ፦ አሁንም የመርፌው ዓይነት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ይህ ነው፣ የሚያሳዝነውም ይህ ነው፣ ምክንያቱም የምትወቅሱት ነገር ታጣላችሁ።

የመጀመሪያ ሙከራችሁ ከሆነ፦ በእኔ አስተያየት በተራው ጀምሩ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሕፃናት የተወለዱት በዚሁ በተራው ነው። የሚወጣው እንቁላል ሁለት ሦስት ብቻ ነው ከተባላችሁ አንዳንድ ባለሙያ «አንዱም እንዳይባክን» ብሎ ሌዘር ሊያነሳ ይችላል። ይህ አሳማኝ ሐሳብ እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ገንዘቡ ካላስጨነቃችሁ ሞክሩ፣ ላም ሸጣችሁ ከሆነ ግን አይሆንም።

ስለኔ የሚቀር ነገር አለ። ሁለተኛው በሌዘር ተሠራ። 8 የበሰለ እንቁላል ተወጋ፣ 1 ብቻ ሞተ፣ 5ቱ ዳቀለ። ለሁሉ ሰው «ሌዘሩ ነው!» ብዬ እጮህ ነበር። ሐኪሟ ግን ሳቅ ብላ «የሆርሞን መጠኑንም ቀይሬልሻለሁኮ፣ ባለሙያውም ሌላ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። የቱ እንደሠራ እኔም አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። ከአምስቱ የመጀመሪያው አልያዘም። በበረዶ ከተቀመጡት አንዱ ነው የያዘው። ሌዘሩ እንቁላሉን አተረፈልኝ እንበል፣ የቀረውን አልሠራልኝም።

ስድስተኛ፦ ቀብድ ሳትከፍሉ የምትጠይቁት

በስልክም ይሆናል። የሚመልስላችሁ ካጣችሁ ያም መልስ ነው። በመርፌ የሚሞትባችሁ እንቁላል ከመቶ ስንት ነው? መርፌውን የሚወጋው ማን ነው፣ ስንት ዓመት ሠርቷል? በሌዘሩ ግድግዳውን ትበሳላችሁ ወይስ ታሳሳላችሁ? ዋጋው በጥቅሉ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ? እንቁላል ሳይወጣ ቢቀር ወይም ሁሉም ያልበሰለ ቢሆን የሌዘሩ ገንዘብ ይመለሳል? የተረፈውን ሽል በበረዶ ታስቀምጣላችሁ፣ በዓመት ስንት? የመንግሥት አማራጭም እንዳለ እወቁ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የከፈተው የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ።

ሰባተኛ፦ የደሴው ጉዞ

ስለ ሕክምናው የሚጽፉ ሰዎች የአዲስ አበባ ነዋሪ ይመስል ይህን ይዘሉታል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የሆርሞን መርፌው ከ8 እስከ 14 ቀን በየቀኑ ነው፣ በመሃል ደጋግሞ አልትራሳውንድ አለ። እዚያው ዘመድ ዘንድ ብታርፉ ይሻላል። መጀመሪያውን ደሴ ሆናችሁ የምትጀምሩ ከሆነ ግን መድኃኒቱን ጠብቁ። አብዛኛው የሆርሞን መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ደሴ ራሷ ቀዝቃዛ ናት፣ መንገዱ ግን ከሚሴና ሸዋሮቢት ላይ ያነዳል። ትንሽ የበረዶ ሳጥን ያዙ። መድኃኒቱ በረዶውን እንዳይነካ በፎጣ ጠቅልሉት፣ ራሱ በረዶ ሆኖ ከረጋ እሱም ይበላሻል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን እየከፈታችሁ «ቀዝቅዞ ይሆን?» አትበሉ። ያ እኔ ነበርኩ።

አሁን ትልቁ ጉድ። እንቁላሉን የምታበስለው የመጨረሻዋ መርፌ እንቁላሉ ከሚወጣበት ሰዓት 36 ሰዓት ገደማ ቀድማ ነው የምትወጋው። ሰዓቷ ከተሳሳተ እንቁላሉ ወይ ሳይበስል ይቀራል፣ ወይ ቀድሞ ይፈስሳል። እኔ ወረቀት ላይ «10 ሰዓት» ተብሎ ተጻፈልኝ። በማን? በፈረንጅ ነው ወይስ በኛ? በኛ 10 ሰዓት ከሆነ ከሰዓት ነው ወይስ ሊነጋ ሲል? ነርሷ ማለት የፈለገችው በፈረንጅ የምሽት 10 ነበር፣ በኛ ምሽት 4 ሰዓት። ባለቤቴ ደውሎ ባያረጋግጥ ኖሮ 6 ሰዓት ቀድሜ ልወጋ ነበር። ስለዚህ አጠገባቸው ሆናችሁ በቃላት አስጽፉ፦ «ማክሰኞ ማታ፣ እራት ከበላን በኋላ፣ በኢትዮጵያ 4 ሰዓት»። ይሳቁባችሁ።

ሆድ በጣም ከተነፋ፣ ክብደት በአንድ ሁለት ቀን ከጨመረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሽንት ካነሰ የእንቁላል ማምረቻው ከልክ በላይ ተነሳስቶ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ሐኪም። ደሴ ተመልሳችሁም ከሆነ «አዲስ አበባ ደውዬ ልጠይቅ» ሳይሆን በቀጥታ ቅርብ ያለ ሆስፒታል ነው።

ስምንተኛ፦ የመርፌው ቀን

ሴቷ ሳትበላ ትገባለች፣ ማደንዘዣ አለ። ወንዱ በዚያው ጠዋት ዘር ይሰጣል። ይህ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ባለቤቴ የወሎ ወንድ ነው፣ ደጃፍ ላይ ነርስ ቆማ እያለ አንድ ሰዓት ፈጀ። ጭንቀታም ከሆነ ቀደም ብሎ አንድ ናሙና በበረዶ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ጠይቁ።

ከዚያ እናንተ ቡና ፍለጋ ስትወጡ ላብራቶሪው ውስጥ ሥራው ይጀምራል። እንቁላሉን የከበቡት ሕዋሳት በኢንዛይም ይገፈፋሉ፣ ያኔ ነው የበሰለውና ያልበሰለው የሚለየው። ያልበሰለ አይወጋም። ስለዚህ 11 ወጣ ተብሎ 9 ተወጋ ሲባል ሁለቱን ሰረቁን አትበሉ። ሌዘር ካለ በዚህ ቅጽበት ነው። «ለሁሉም ትጠቀማላችሁ ወይስ ለሚጠነክረው ብቻ?» ብላችሁ ቀድማችሁ የተስማማችሁትን አስታውሱ። ግማሹን በተራው ግማሹን በሌዘር ማሠራትም አለ። ብዙ እንቁላል ካላችሁ እኔ ይህን እወደዋለሁ፣ ቢያንስ ለሚቀጥለው የሚነግራችሁ ነገር ይኖራል።

መርፌው ከገባ ከ16 እስከ 18 ሰዓት በኋላ ይታያል። በትክክል የዳቀለ እንቁላል ሁለት ክብ ነጥቦች ያሳያል፣ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት። አንድ ወይም ሦስት ካሳየ አይቆጠርም። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ከጆሯችሁ አትለዩ፣ ሲደውሉም ቁጥሩን በሙሉ ጻፉ፦ የተወጋ፣ የሞተ፣ የዳቀለ። «ጥሩ ነው» የሚለውን ብቻ ይዛችሁ አትዝጉ።

በ3ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ሽሉ ማህፀን ይገባል። አማቴ «መንታውን ያድርግልሽ» ትል ነበር፣ ሁሉም ይላል። ሐኪሙን ግን «ሁለት አስገባልኝ» ብላችሁ አትለምኑ። መንታ ያለ ጊዜው መወለድን ያመጣል፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ማሞቂያ ክፍል ይፈልጋል፣ ለእናትየውም ከባድ ነው። የተረፈው በበረዶ ይቀመጣል።

ከገባ በኋላ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ መጋደም ዕድሉን አይጨምርም። እኔ በመጀመሪያው 10 ቀን ተጋድሜ ጀርባዬ ተላጠ። በሁለተኛው በ3ኛ ቀኔ ጣርማ በርን አልፌ ደሴ ገባሁ። የታዘዘውን ፕሮጄስትሮን፣ ማህፀኑን ለእርግዝና የሚያዘጋጀውን ሆርሞን፣ ብቻ አታቋርጡ። ደም ትንሽ ቢታይም አታቋርጡ፣ መጀመሪያ ደውሉ።

የደም ምርመራው ሁለት ሳምንት ገደማ ላይ ነው። የሽንት ምርመራ ቀድማችሁ አትሞክሩ፣ ያቺ የማብሰያዋ መርፌ ደማችሁ ውስጥ ገና ካለች በውሸት ታስደስታችኋለች። ውጤቱ «አልያዘም» ከሆነ የዚያን ቀን ምንም አትወስኑ። አልቅሱ። በሳምንቱ ደውላችሁ ወረቀቱን አስልኩ፣ የሞተውን ለተወጋው አካፍሉና ከዚያ ስለ ሌዘር አውሩ። የሐይቋ ልጅ ትናንት መልሳ ደውላ ነበር። ወረቀቱን አግኝታለች። 10 ተወግቶ 1 ነው የሞተው፣ ግን የዳቀለው 2 ብቻ። «ሌዘሩ ይቅር በያቸው፣ ስለ መቀስቀሱ ጠይቂ» አልኳት።